ጤናችን፦ የሰጡት ደም ይመለሳል ወይ?

ባለፈው ሳምንት በዚህ አምድ ስለ ንጹሕ ውሃ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ደም እንነጋገራለን።

ርዕሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከማታ ክፍላችን ከአንድ ተማሪ የቀረበልን ጥያቄ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ባለፈው ወር ከተማሪዎቻችን አንዷ ወለደች። የወለደችው በቤቷ ነበር። ልጁ በደህና ተወለደ። ነገር ግን ከወሊዱ በኋላ ደሟ አልቆም አለ። የተነጠፈላት ጨርቅ ራሰ። ሌላ ተነጠፈ፤ እሱም ራሰ። ፊቷ ነጣ። እጇ ቀዘቀዘ። ላብ አጠመቃት። ጎረቤቱ በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አደረሳት። ከዚያ በመኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። እኛም አስተማሪዎቿ አብረን ሄድን።

ሐኪሞቹ መድኃኒት ሰጥተው የሚፈሰውን ደም አቆሙ። ነገር ግን ብዙ ደም ፈስሷት ነበር። ስለዚህ ሁለት ከረጢት ደም በክንዷ በኩል ገባላት። ሊነጋ ሲል ዓይኗን ገለጠች። "ልጄስ?" አለች።

ያ ደም የማን ነበር? የባሏ አይደለም። የወንድሟም አይደለም። የእኛም አይደለም። ስማቸውን የማናውቅ ሰዎች ከዚያች ሌሊት ቀደም ብለው የሰጡት ደም ነው።

ሲነጋ ነርሷ ወጣችና "ከቤተሰብ ደም መስጠት የሚችል አለ? ነገ ለሚመጣ ሌላ ሰው የሚሆን ደም ማስቀመጥ አለብን" ብላ ጠየቀች። ሁሉም ዝም አለ። አንድ አጎቷ፣ "ኧረ ተዉኝ ልጆቼ፣ የእርሻ ወቅት ነው። ደሜን ሰጥቼ በምን ጉልበቴ በሬ ልጠምድ ነው?" አሉ። ከተማሪዎቻችን አንዱም፣ "ደም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ አይመለስም" አለ።

እውነቱን እንናገር። እኛም ፈራን። ስለ ደም በዩኒቨርሲቲ ተምረናል። ፈተናውንም አልፈናል። መርፌውን ስናይ ግን እግራችን ወደ ኋላ አለ።

ቀድማ የተነሣችው የባሏ እህት ነች። እሷም በክፍላችን ትማራለች። ነርሷ የደም ሰጪዎችን ቅጽ አመጣችላት። የጣት አሻራ ማንሻውን ቀለም ስታቀርብላት፣ "ግድ የለም፣ መፈረም እችላለሁ" አለች። ስሟን ጽፋ ፈረመች። እኛም አፈርንና ከኋላዋ ተሰለፍን።

በሚቀጥለው ማታ ያ "አይመለስም" ያለው ተማሪ በክፍል ውስጥ እጁን አወጣ። "እውነት ግን ደም ይመለሳል? ከየት መጥቶ ነው የሚመለሰው?" ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማወቅ መጀመሪያ ደም ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ደም ምን ምን አለበት?

በግ ሲታረድ ደሙን አይታችኋል። አንድ ዓይነት ቀይ ፈሳሽ ይመስላል። ግን አይደለም። ደም የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው።

ጠላን አስቡ። ጠላ ሲቀመጥ አተላው ወደ ታች ይወርዳል። የጠራው ከላይ ይቀራል። የሰው ደምም እንዳይረጋ መድኃኒት ተጨምሮበት በጠርሙስ ቢቀመጥ እንዲሁ ይለያል። ከላይ ቢጫ መልክ ያለው ፈሳሽ ይቀራል። ከታች ቀዩ ይዘቅጣል። በሁለቱ መካከል ስስ ነጭ ነገር ይታያል።

ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ፕላዝማ ይባላል። ደም 100 እጅ ቢሆን 55 እጁ ያህል ፕላዝማ ነው። ፕላዝማ አብዛኛው ውሃ ነው። የበላነው ምግብ ከላመ በኋላ በፕላዝማ ተሸክሞ ወደ ሰውነታችን ሁሉ ይደርሳል። የሰውነት ቆሻሻም በዚሁ ፕላዝማ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል።

ከታች የሚዘቅጠው ቀዩ ነገር የቀይ ሕዋሳት ክምችት ነው። ሕዋስ ማለት ሰውነታችን የተሠራበት እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ፣ ሰውነትም ከሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋስ በዓይን አይታይም። በአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ 200 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት አሉ።

የቀይ ሕዋሳት ሥራ ጭነት ነው። ወደ ገበያ ጭነት ይዛ እንደምትመላለስ አህያ ናቸው። ስንተነፍስ ወደ ሳንባችን የሚገባውን ኦክስጅን የሚባል አየር ይጭናሉ። ወደ ጡንቻ፣ ወደ አንጎል፣ ወደ ማኅፀን ይወስዱና ያራግፋሉ። ደሙ ሲመለስ ደግሞ የተቃጠለውን አየር ወደ ሳንባ ያመጣል። እኛም ወደ ውጭ እንተነፍሰዋለን። ያለ ኦክስጅን እጅ አይንቀሳቀስም፤ አንጎልም አያስብም።

ቀይ ሕዋስ ኦክስጅንን የሚይዘው በብረት ነው። አዎን፣ በብረት! ማረሻ የሚሠራበት ያው ብረት በደማችን ውስጥ በጥቂቱ አለ። ብረት ያለበት ነገር ሄሞግሎቢን ይባላል። ደምን ቀይ የሚያደርገውም እሱ ነው።

በመካከል የሚታየው ስስ ነጭ ነገር ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉበት። አንደኛዎቹ ነጭ ሕዋሳት ይባላሉ። እነዚህ ዘበኞች ናቸው። እሾህ ሲወጋን ተውሳክ አብሮ ይገባል። ነጭ ሕዋሳት ወደዚያ ቦታ ይተማሉ። ተውሳኩን ይዋጉታል። በቁስል ላይ የምናየው መግል አብዛኛው በውጊያው የሞቱ ነጭ ሕዋሳት ነው።

ሁለተኛዎቹ ደም አርጊ ይባላሉ። የመስኖ ቦይ ሲሰበር ምን ታደርጋላችሁ? ጭራሮ ትጋርዳላችሁ፤ ጭቃ ትመርጋላችሁ። ደም አርጊ ሕዋሳትም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ቆዳ ሲቆረጥ በተቆረጠው ሥር ላይ ይለጠፋሉ። ፕላዝማውም ቀጫጭን ክር ያወጣል። ክሩና ሕዋሳቱ ተያይዘው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ደሙ ረጋ የምንለው ይህንን ነው።

ነገር ግን የተሰበረው ትልቅ ቦይ ከሆነ ጎርፉ ጭቃውን ጠርጎ ይሄዳል። ከወሊድ በኋላ ማኅፀን አልኮማተር ሲል የሚሆነው እንደዚህ ነው። ያን ጊዜ የሐኪም እጅና መድኃኒት ያስፈልጋል።

ደም እንዴት ይዞራል?

ልብ የጭብጥ ያህል ትልቀት ያላት ጡንቻ ነች። ደምን ትገፋለች። ከልብ ደም ይዞ የሚሄደው ሥር ደም ቅዳ ይባላል። ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ደም መልስ ይባላል። በሁለቱ መካከል ከፀጉር የቀጠኑ ሥሮች አሉ። ጭነቱ የሚራገፈው በነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ነው።

አሁን አንድ ሥራ እንሥራ። የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣታችሁ በኩል አድርጉ። ሲመታ ይሰማችኋል? ቁጠሩት። ሰዓት ያለው ሰው 1 ደቂቃ ይያዝላችሁ። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በዚህች 1 ደቂቃ ውስጥ ልብ 5 ሊትር ያህል ደም ትገፋለች። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ያለው ደምም 5 ሊትር ያህል ነው። እንግዲህ ደማችን በሙሉ በ1 ደቂቃ ያህል አንድ ጊዜ ሰውነታችንን ይዞራል ማለት ነው።

እንግዲህ ይመለሳል ወይ?

አዎን፣ ይመለሳል። ከየት? ከአጥንታችን።

አጥንት ስትሰብሩ በውስጡ መቅኔ ታገኛላችሁ። ደም የሚሠራው በመቅኔ ውስጥ ነው። አንድ ቀይ ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ያረጃል፤ ይፈርሳል። መቅኔም በምትኩ አዲስ ይሠራል። በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት ይሠራል። አንድ ሰው ደም ቢሰጥም ባይሰጥም የዛሬው ቀይ ደሙ ከአራት ወር በኋላ አብዛኛው በአዲስ ተተክቷል። ደም ተቆጥሮ ተሰጥቶን የሚያልቅ ገንዘብ አይደለም። ደም ምንጭ ነው። ሲቀዱት ይሞላል።

ደም የሚሰጥ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 450 ሚሊሊትር ያህል ነው። ግማሽ ሊትር አይሞላም። ከ5 ሊትር ላይ ሲታሰብ ከ10 እጅ 1 እጅ አይሆንም። ከወጣው ውስጥ የውሃው ክፍል በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ቀይ ሕዋሳቱ ግን ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋሉ። በአገራችን አንድ ሰው ደም ከሰጠ በኋላ እንደገና እስኪሰጥ 3 ወር የሚቆየው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ደም ከተመለሰ ያቺ እናት ለምን ልትሞት ደረሰች? ምንጭም ቢሆን በአንድ ጊዜ ተጠርጎ ቢቀዳ ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። ከ5 ሊትር ደም ውስጥ 2 ሊትሩ በአንድ ጊዜ ቢፈስ መቅኔ ሊደርስለት አይችልም። ሳምንት የሚፈጀው ሥራ በሰዓት አይሠራም። ያን ጊዜ የሌላ ሰው ደም ካልደረሰላት ነፍሷ ያልፋል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በዓለም ሁሉ እናቶችን በወሊድ ምክንያት ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ነው። ደግሞም ደም በፋብሪካ አይሠራም። ከሰው ብቻ ነው የሚገኘው።

ደም ሁሉ አንድ ነውን?

በጥንት ጊዜ ሐኪሞች የአንዱን ሰው ደም ለሌላው ሲሰጡ አንዳንዱ ይድን ነበር፤ አንዳንዱ ይሞት ነበር። ምክንያቱ አይታወቅም ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ካርል ላንድስታይነር የሚባል ሐኪም በኦስትሪያ አገር በቪየና ከተማ ምክንያቱን አሳወቀ። የተለያዩ ሰዎችን ደም በጥቂት በጥቂቱ ሲያቀላቅል አንዳንዱ በሰላም ይዋሐዳል፤ አንዳንዱ ግን ይቋጠራል። ላንድስታይነር በመጀመሪያ ሦስት ዓይነት ደም ለየ። በሚቀጥለው ዓመት አራተኛው ተገኘ። ዛሬ እነዚህ ዓይነቶች ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ይባላሉ። ላንድስታይነር በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የተወለደበት ቀን ሰኔ 7 በየዓመቱ የደም ለጋሾች ቀን ሆኖ በዓለም ይከበራል።

የደም ዓይነት በጎሣ አይለይም። በሃይማኖት አይለይም። የወንድማማቾች ደም ሊለያይ ይችላል። የማይተዋወቁ ሰዎች ደም ደግሞ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ያቺ ተማሪያችን በማታውቀው ሰው ደም የዳነችው።

ሁለት ስሞች እንዳያሳስቱን

በአገራችን "ደም ብዛት" የሚባል በሽታ አለ። ስሙን ሰምተን ደሙ የበዛ ይመስለናል። በዋግምት ደም ቢወጣለት የሚሻለው ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። በሽታው ደም በሥሮች ውስጥ በኃይል መግፋቱ ነው። ስለዚህ "የደም ግፊት" ማለት ይሻላል። በዋግምት አይድንም። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ጨው ይቀንስ፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይውሰድ።

"ደም ማነስ" የሚባልም አለ። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያንሰው የደሙ ልክ ሳይሆን ቀይ ሕዋሱና ብረቱ ነው። አህዮቹ አነሱ፤ ጭነቱ ቀረ ማለት ነው። ደም ያነሰው ሰው ቶሎ ይደክመዋል። ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል። የዓይኑን ሽፋን ገልብጠው ቢያዩት ውስጡ የነጣ ነው። ሴት ልጅ ደም አንሷት ከወለደች ጥቂት ቢፈሳትም ትጎዳለች። የወባ ተውሳክ ቀይ ሕዋሳትን ያፈርሳል። መንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ትል ደግሞ ደም ይመጣል። ወሊድ ሲደጋገምም ብረት ያልቃል።

ምን እናድርግ?

1. ብረት ያለበት ምግብ እንብላ። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሥጋና ጉበት ብረት አላቸው። ጎመኑና ምስሩ ላይ ሎሚ ብንጨምቅበት ብረቱ ለሰውነት ይቀላል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይሻማሉ። ስለዚህ ቡናውን ከምግብ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት አቆይተን እንጠጣ። ቡና ተዉ አላልንም!

2. እርጉዝ ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የሚሰጣትን የብረት ኪኒን ሳታቋርጥ ትዋጥ። የምትወልደውም በጤና ጣቢያ ይሁን። ከወሊድ በኋላ ደም ከበዛ "ይቆም ይሆናል" ብለን አንጠብቅ።

3. በባዶ እግር አንሂድ። መንጠቆ ትል በእግር ቆዳ በኩል ይገባል። መጸዳጃ ቤት እንጠቀም። የወባ አገር ከሆነ በአጎበር ውስጥ እንተኛ።

4. ሰው ተቆርጦ ደም ሲፈሰው በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን ጠበቅ አድርገን በእጃችን እንጫን። ቶሎ ቶሎ ገልጠን አንይ። ቡና፣ አፈር ወይም እበት አናድርግበት። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተውሳክ በአፈርና በእበት ውስጥ አለ።

5. ጤነኛ የሆንን ደም እንስጥ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሊሰጥ ይችላል። እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ግን አትሰጥም። አስቀድሞ የደም ማነስ እንዳለበት ይመረመራል፤ ካለበት አይወሰድበትም። መርፌው አዲስ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ያገለግልና ይጣላል። ስለዚህ ደም በመስጠት በሽታ አይይዝም። የተሰጠውም ደም ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ይመረመራል። የሰጠ ሰው በዚያ ቀን ብዙ ውሃ ይጠጣ፤ ከባድ ሥራ አይሥራ።

ውድ አንባቢያን፣ ያቺ ተማሪያችን አሁን ቤቷ ነች። ልጇን ታጠባለች። ደብተሯን ላኩልኝ ብላ ልካለች። የባሏ እህትም ደም በሰጠች በማግስቱ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ማታ ክፍል ገብታለች። እኛም ምንም አልሆንንም።

ይህን ጽሑፍ ከመጻፋችን በፊት ለአጎትዬው ሄደን አነበብንላቸው። ስለ መቅኔው ስናነብ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያም፣ "እንግዲህ ዘሩ ይለፍና እናያለን" አሉን። እኛም፣ "እሺ አባባ፣ እንጠብቅዎታለን" አልናቸው። ነገር ግን ወላድ ዘር እስኪዘራ አትጠብቅም። ደሙ ቀድሞ በሆስፒታል ተቀምጦ መገኘት አለበት።

ጥያቄዎች

ሀ. ደም የሚሠራው በየትኛው የሰውነታችን ክፍል ነው?
ለ. አንድ ቀይ ሕዋስ ስንት ቀን ያህል ይኖራል?
ሐ. "ደም ብዛት" በዋግምት የማይድነው ለምንድን ነው?
መ. ደም የሚሰጥ ሰው 450 ሚሊሊትር ይሰጣል። በዓመት 4 ጊዜ ቢሰጥ ስንት ሚሊሊትር ይሆናል? አስሉት።

ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል አንድ ጎረቤት አንብቡለት። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ አምድ ስለ ወባ እንነጋገራለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።